አባባ ከአንቺ ጋር ሲያድኑ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት ፳ ቀን

ለምወድሽ ታላቅ እኅቴ

እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? የአማትሽን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ባለቤትሽ ኀዘኑ ቀለል አለለት ወይ? ልጆቹስ? ያ ጨጓራሽ አሁንም ያስቸግርሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባባም ደኅና ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ብርዱ ስለበረታ እግራቸውን ይቆረጥማቸዋል እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪኝ። ስልክ ላይ ድምፅሽን ስሰማ ልናገር ያሰብሁት ሁሉ ይጠፋኛል። አባባም ከጎኔ ሆነው ይሰማሉ። የባለቤቴ የምሥጋና የሥራ ባልደረባ ብሩክ ለስብሰባ ወደ ሐዋሳ እንደሚሄድ ስሰማ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ቀንቼብሻለሁ፣ እታለም። ይህችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ለጥምቀት መጥተሽ ያንን ኮምፒውተር ክፍላቸው ውስጥ አስቀምጠሽ ስትሄጂ መርቄሽ ነበር። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ኑሯቸው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነበር። የአደን ጌም ነው ስትዪኝ የልጆች የተኩስ ጨዋታ መስሎኝ ናቅሁት። ለካ ሌላ ነገር ነው። ሣሩ ይወዛወዛል፣ ጭቃው ላይ ኮቴ ይታያል፣ ንፋሱ ከኋላ ከነፈሰ አውሬው አሽትቶ ይሸሻል። አባባ እዚያ ውስጥ በደረታቸው ሲሳቡ ቆይተው አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ የሚወጡበት ቀን አለ። አንቺ ከሐዋሳ፣ እሳቸው ከባሕር ዳር፣ ሄድፎናችሁን አድርጋችሁ ሁልጊዜ ከራት በፊት አንድ ጫካ ትገባላችሁ።

አንድ ቀን ሾርባቸውን ይዤ ስገባ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ እንዳደረጉ፣ "ቁጭ በይ፣ ልጄ" አሉ። ድምፃቸው እንዴት ያለ መሰለሽ! ከእኔ ጋር ቁጭ በይ ብለውኝ አያውቁም፤ እኔ ክፍላቸው ውስጥ ቆሜ የምሄድ ሰው ነኝ። ሾርባውን እንደያዝሁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። "ጎሽ፣ እንደሱ። አትንቀሳቀሺ" አሉ። አልተንቀሳቀስሁም። ብዙ ቆይቼ ነው የገባኝ፤ ለካ ለአንቺ ነው። ሣር ውስጥ ቁጭ በይ ማለታቸው ነው። ኋላ ዞር ሲሉ አዩኝና፣ "እንዴ፣ አንቺ እዚህ ነሽ እንዴ?" አሉኝ። ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር፤ ላሙቅልዎ ብዬ ወጣሁ።

ይህ እንግዲህ አዲስ አይደለም። ልጆች ሳለን ቅዳሜ ቅዳሜ ከፋብሪካው ሥራቸው ሲወጡ ጠመንጃቸውን አንግተው አንቺን አስከትለው ወደ አንበሳሜ በኩል ትሄዱ ነበር። እኔ ትንሽ ነሽ ተብዬ ከእማዬ ጋር እቀር ነበር። ማታ ቆቅ አንጠልጥላችሁ እየተሳሳቃችሁ ስትገቡ የጭቃ ጫማሽን የማጥበው እኔ ነበርሁ። ስታድጊ ትሄጃለሽ ይሉኝ ነበር። ሳድግ ጠመንጃው ተሸጠ።

አሁንም ራት ላይ ምሥጋና "ዛሬ እንዴት ዋሉ፣ አባባ?" ሲላቸው፣ "ከልጄ ጋር ዞር ዞር ብለን መጣን" ይሉታል። ልጄ የሚሉት አንቺን ነው። እኔን የሚሉኝ፣ "መድኃኒቴን"፣ "ትራሱን ከፍ አድርጊው"፣ "በይ አንሺኝ" ነው። እርግጥ ሁሉንም በምርቃት ይሉኛል፤ ግን እታለም፣ ምርቃት ሌላ፣ ሳቅ ሌላ ነው።

የከፋኝ ግን ከመስከረም ወዲህ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር እሳቸው የሚሉትን ሰማሁ፤ "እመጣለሁ እንጂ! ለምን አልመጣም?" አሉሽ። ራት ላይ ስጠይቃቸው፣ "እኅትሽ እኔ ጋ ይምጡና ይቀመጡ አለችኝ፤ ቤቱ ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም አለችኝ" አሉኝ፤ ገበያ ሄጄ እመጣለሁ እንደሚል ሰው። እኔን ሳትጠይቂኝ! ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁና እስከ ሐይቁ ዳር ሄድሁ። ምሥጋና ተከትሎኝ መጣ። "ስታነሣቸው ወገቧ ሲቆረጥ ታየዋለች!" አልሁት። "ለእኔ ከምትነግሪኝ ለእሷ ንገሪያት" አለኝ። አልነገርሁሽም። ስልክ ስትደውዪ ደኅና ነን እያልሁ ዘጋሁብሽ።

ከዚያ አማትሽ ዐረፉና ለቅሶ ላይ ሆንሽ። አባባ ግን ልማድ ሆኖባቸው በሰዓታቸው ሄድፎኑን አድርገው ይጠብቁሻል። ኀዘን ላይ ናት ብላቸው፣ "አውቃለሁ፣ ምናልባት ብዬ ነው" ይላሉ። እንደዚያ ተቀምጠው ሳያቸው አሳዘኑኝ፤ ደግሞም፣ አልዋሽሽም፣ ቦታሽ ባዶ መሆኑን አየሁ። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥሁና፣ "ያሳዩኝ" አልኋቸው።

"አንቺ? ትወጂዋለሽ እንዴ?"

"ማን ጠይቆኝ ያውቃል?" አልሁ።

ማውሱን አስያዙኝ። እጃቸውን እጄ ላይ አደረጉት። እኔ መቼም ታውቂኛለሽ፤ እንደ ገባሁ ሮጥሁ። ጫካው ውስጥ ያለው ሁሉ ተበተነ፤ ወፉም፣ አጋዘኑም። አባባ፣ "አይ አንቺ! ይኼ እኮ ገበያ አይደለም!" ብለው ሳቁ። ያንን ሳቅ ሳቁልኝ። ከዚያ ቀስ ብለን ሄድን። ዱካውን ሲያሳዩኝ፣ አሁን ያለፈ ነው፣ ይኼኛው የቆየ ነው እያሉ ሲነግሩኝ አንድ ወንዝ ዳር ደረስን። ቀንዱ የተንሰራፋ ትልቅ አጋዘን ውኃ ይጠጣል። "ትንፋሽሽን ያዢ" አሉኝ በሹክሹክታ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ያዝሁ። ተኮስሁና ዛፍ መታሁ። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ እኔም እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ሾርባውን ረሳነው፣ መድኃኒቱም ሰዓቱ አለፈ።

በዚህ መሐል ድንገት ሄድፎኑን አወለቁ። ፊታቸው ጠቆረ። "በይ አንሺኝ" አሉኝ። ወደ መጸዳጃ ቤት ሳንደርስ አመለጣቸው። አጠብኋቸው፣ አለበስኋቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ዐይናቸውን ከግድግዳው ላይ አላነሡም። አሁን አብሬያቸው እየሳቅሁ የነበርሁት ልጅ ጠፋሁና መልሼ የምታነሣቸው፣ የምታጥባቸው ሆንሁ። እታለም፣ ከአንቺ ጋር ሲገናኙ በእግራቸው የሚሄዱ ሰው ናቸው። አንቺ ይህን ገላ አላየሽም። አባቴ ለምን ለእኔ እንደማይስቁ ያን ቀን ገባኝ፤ ስላልወደዱኝ አልነበረም።

ሳምንቱን ሙሉ አብረን ተቀመጥን፤ ግን ያ የመጀመሪያው ቀን አልተመለሰም። ባጠገባቸው ሆኜ መድኃኒቱ ሲደርስ ሰዓቴን አያለሁ፤ እሳቸውም እኔ እንደማይ ያያሉ።

ከትናንት በስቲያ ጥፍራቸውን ስቆርጥላቸው፣ "እኔ የምልሽ" አሉኝ፣ "ሐዋሳ ከሄድሁ አንቺ ከዚህ ሆነሽ ትገቢልኛለሽ?"

"ጫካው ውስጥ?"

"እንግዲህ እሷ ባጠገቤ ከሆነች በዚያ በኩል ሰው የለኝም። ማታ ማታ እየገባሽ ብንገናኝ ብዬ ነው።" አፍረው ነው የጠየቁኝ፤ እንደ ልጅ።

እሺ አልኋቸው። ጥፍራቸውን ቆርጬ ጨረስሁ።

ስለዚህ እታለም፣ አርባው ሲወጣ ነይና ውሰጃቸው። አልከለክልሽም። ግራ ጎናቸውን ደግፈሽ ነው የምታነሺያቸው፤ በቀኝ ከያዝሻቸው ያማቸዋል። ጨው አታብዢባቸው። ሽንት ቤት መሄድ ሲፈልጉ አይነግሩሽም፤ ቀበቷቸውን መነካካት ሲጀምሩ ቶሎ በይ። ሲታጠቡ አታናግሪያቸው። መጀመሪያ መጀመሪያ ዝም ሲሉሽ ሆድ ይብስሻል፤ አይዞሽ። እዚህ ክፍላቸውን ባዶውን ሳስበው እኔም ከአሁኑ ሆድ ይብሰኛል፤ ትራሳቸውን ግን አልሰጥሽም፣ እሱን እኔ ጋ አስቀረዋለሁ።

የጣናው ቂርቆስ ይጠብቅሽ። ቤትሽን ሰላም፣ የባለቤትሽን ልብ ጽናት ይስጥልኝ። ልጆቹን ዐይን ዐይናቸውን ሳሚልኝ።

ምሥጋና ከሚሠራበት ኮሌጅ ያገለገለ ኮምፒውተር አግኝቶልኛል። የእኛ ሰፈር ኔትወርክ ማታ ማታ ጥሩ ነው። አንቺም አባባ ሳይደርሱ የቤትሽን መስመር ሰው ጠርተሽ አሳዪው፤ እንዳይቆራረጥብን።

የምትወድሽ ታናሽ እኅትሽ