ከአሥራ አንዱ ሥዕሎች የተረፈው

ሞያሌ፣ ኬንያ፤ መጋቢት 1999 ዓ.ም.

ለማንም ያልነገርሁት ይህ ነው፤ በ1970 የሥዕል ኮሌጁ ዕቃ ቤት ሠራተኛ ሳለሁ የመጋዘኑን ቁልፍ ለወታደሮቹ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሰላምታዬን ሳላስቀድም በመጀመሬ አትቀየሚኝ። እንደምን ከርመሻል፣ እትዬ? እኔ ደህና ነኝ። በታች በቆላው በጎልቦ በኩል ዝናብ ጠፍቶ ፍየሉ እያለቀ ነው።

ያኔ የኮሌጁ ጀማሪ ተማሪ የነበረው ሂካ ትላንት ከናይሮቢ መጣ። የቀድሞ ተማሪዎቹ የተዘጋውን ኮሌጃቸውን ታሪክ እየጻፉ ነውና የሟች ባለቤቴን የወንዱን ሥዕል ፈልጎ ነው። ተመራቂዎች አንዱ የሌላውን ፊት ሥሎ፣ ስሙንም ጽፎ፣ መጋዘኑ ውስጥ አኑሮ መሰናበት ልማዳቸው ነበር።

“አይ ዳኘው! የወንዱን አፍንጫ ሆን ብሎ አሳብጦታል” ብሎ ሂካ ሥዕሉን እያየ ሳቀ። ቀጥሎም “እትዬ አየለች፣ ከአሥራ አንዱ ይህ ብቻ እንዴት ተረፈ?” አለኝ። ሥዕሉን ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ወታደሮቹ የሚፈልጓቸውን ተመራቂዎች በስም እንጂ በመልክ አያውቋቸውም ነበር። የዘበኛውን ጥርስ በሰደፍ አርግፈው አፈሙዙን ወደ እኔ ሲያዞሩ ቁልፉን ሰጠሁ። ሲገቡ ተከትዬ፣ ያኔ እጮኛዬ የነበረውን የወንዱን ሥዕል ነጠላዬ ሥር ሸሸግሁ። ከሥሩ የነበረው የዳኘው መልክ ነው፤ እጄ ነክቶት ተወው።

“እነዚህማ ከፎቶግራፍ ይበልጣሉ!” እያለ አለቃቸው ሥዕሎቹን ከተሰለፉት ተማሪዎች ፊት ጋር አስተያየ። ወንዱን ሳይለዩት፣ ሥዕላቸው የተገኘውን አሥሩን ከግንቡ ሥር ረሸኗቸው። ደሙ ጫማዬ ድረስ ፈሰሰ።

ለወንዱ ሙት ዓመት አልጋሽን አንጥፌያለሁ። እንደ ወትሮው ትመጫለሽ? ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

ሥዕሉን ሂካ ወስዶታል። እነዚህን ገጾች ግን ከታሪክ ጸሐፊዎቹ በፊት ሻሸመኔ ላይ የምትቀበዪው አንቺ፣ የዳኘው እህት አቻምየለሽ ነሽ።