ከስምህ ሥር ያለችው ዶሮ

ለአቦይ፣

ከተለየኸን ድፍን ሦስት ዓመት አለፈ፤ አራተኛውን ይዘሃል። ዛሬ ያየሁትን ለማን እንደምናገር ጠፍቶኝ ለአንተው ጻፍኩ።

እንዳ ኢየሱስ ላይ፣ ከአሮጌው ምሽግ አጠገብ፣ የጎብኚዎች ማዕከል ተሠርቶ በአንተ ስም ተሰየመ። አዎ፣ በአንተ። ከመሥሪያ ቤትህ፣ ከቅርስ ጥበቃው፣ ደውለው የቤተሰብ ፈቃድ ሲጠይቁኝ የሰፈር ሰው የሚቀልድብኝ መስሎኝ ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። ምን ላድርግ? «ጓል አቦይ እምኒ»፣ የድንጋዩ አባት ልጅ፣ እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ሁለተኛ ሲደውሉ እማዬ አንስታ እሺ አለች። ከዚያ ስልኩን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ያን አጥር መቼም አትረሳውም። አንተ ለመስክ ሥራ ወር ሙሉ ጠፍተህ ሳለ፣ እማዬ ከጋሪ ነጂ ጥርብ ድንጋይ ገዝታ ሰፈሩ የሚቀናበት አጥር አስገነባች። ተመልሰህ ገና ሻንጣህን ሳታስቀምጥ፣ ድንጋዩ ላይ የቀረውን ኖራ በጥፍርህ ፋቅ ፋቅ አደረግህና ፊትህ ተለወጠ። የምሽጉ ድንጋይ ነበር። የሰው በር እያንኳኳህ ከምሽጉ የወሰዳችሁትን ድንጋይ መልሱ ስትል የከረምክ ሰው፣ የራስህን ቤት በእሱ ታጥሮ አገኘኸው። በማግስቱ በገዛ እጅህ አፍርሰህ በጋሪ መለስከው። እማዬ ሁዳዴን በሙሉ አኮረፈችህ። እኔ ግን ከእሷም ባስኩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በድንጋይ ሲታጠር እኛ በበለስ እሾህ መታጠራችን አሳፍሮኝ፣ ትልቅ ሰው ከሆንኩም በኋላ ቂም ይዤብህ ኖርኩ። ታመህ ተኝተህ እንኳ ስለ አጥሩ ስታነሳ ወሬ እቀይር ነበር።

ቤቱ ደህና ነው። በለሱን ነቅለን በብሎኬት አጠርን። ከዓይናለም የሚመጣው የቧንቧ ውሃ እንደ ድሮው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። የእማዬ ጉልበት ዳገቱን እምቢ ስላላት ለምረቃው በባጃጅ ወሰድኳት።

መጋረጃው ሲገለጥ ስምህን ከነአባትህ ስም አየሁትና ክው አልኩ። ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ሳይ ግን ሰዉን አልፌ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። ዶሮዬ ናት፣ አቦይ። በሰባት ዓመቴ፣ አንተ መስክ ሳለህ፣ አጥሩ ላይ በሚስማር የጫርኳት፣ ተሳስቼ ሦስት እግር ያወጣሁላት ዶሮ። ከየቤቱ ካስመለስካቸው ድንጋዮች ውስጥ የምሽጉ የትኛው ክፍል እንደነበሩ ያልታወቁትን ለማዕከሉ ግድግዳ አውለዋቸው ኖሯል። እማዬም አይታት እጄን ጨበጥ አደረገችኝ።

አስጎብኚው ወደ ዶሮዋ እየጠቆመ የጥንት ወታደር የቀረጻት ናት ብሎ ሲያስረዳ እንግዶቹ ፎቶ አነሱ። እኔ እማዬን ደግፌ ወጣሁ።

ነገ ግን እመለሳለሁ። ከአንተ ስም ሥር ውሸት አይቀመጥም። ዶሮዋ የእኔ ናት፣ ድንጋዩም የቤታችን አጥር ነበር፣ ያፈረሰውም አባቴ ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ። ድንጋዩን ከግድግዳው ቢያወጡትም ያውጡት። ያን አጥር ስታፈርስ ልክ ነበርክ፣ አቦይ። በሕይወት ሳለህ ልነግርህ ሲገባ አልነገርኩህም፤ እስካለሁ ድረስ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።

ልጅህ፣
ጓል አቦይ እምኒ