የአጭር እጅጌ ደንብ

ነሐሴ 19

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ቤት የነበርነው ሦስት፤ እኔ፣ ነርሷ ልጄ፣ የእሷ ልጅ ወላቃ። የፊት ጥርሶቿ ከወለቁ ወዲህ በስሟ የሚጠራት የለም።

አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው። ዩኒፎርሟን ለካሁላት። ወንበር ላይ ቆማ፣ እኔ የጠርዙን ዘምዘማት ስይዝላት...

"እምዬ፣ ከበሩ ወዲያ ምን አለ?"

"የቱ በር?"

"የትምህርት ቤቱ ነዋ!"

 አፌ ውስጥ እስፒል ነበር፤ ማምለጫ ሆነኝ።

ምን ልበላት? በሩን አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ የታላቅ ወንድሜን ቦርሳ ተሸክሜ እዚያው በር ድረስ አድርሻለሁ። እሱ ተቀብሎኝ ይገባል፣ እኔ ወደ ቤት። ልጆቼ ሲጀምሩ ደግሞ ነፍሱን ይማረውና አባታቸው ነው የወሰዳቸው። ትምህርት ሲከፈት ዩኒፎርም ሰፊ ከስፌት መኪናዋ ቀና አትልም። ሃያ አራት ዓመት የተማሪ ልብስ ሰፋሁ፤ ተማሪ የሚቀመጥበትን አላየሁም። አይገርምም?

እስፒሉን አወጣሁና "አብረን ገብተን እናያለን" አልኳት።

ነሐሴ 21

ሐሳብ መጣልኝ። የመጀመሪያው ቀን ቤተሰቡ በሙሉ ዩኒፎርም ይልበስ። ሁላችንም! ወላቃ መሃል፣ እኛ ዙሪያዋን፣ በእግር፣ እስከ ውስጥ። በየዓመቱ። አድጋ እስክታፍርብን ድረስ። ካፈረችብንም በኋላ።

ነርሷ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ተወችው። "የምርሽን ነው?"

የምሬን ነው።

ነሐሴ 25

ካፊያ። የምሰፋበት ሱቅ ውስጥ እኔና ባለሱቋ ብቻ። ከዩኒፎርም ጨርቁ ቁርጥራጭ ስጪኝ አልኳት።

"ለምንሽ?" ነገርኳት። መቀሷን አስቀመጠች። "ለራስሽም?"

"ለራሴም።"

"እብድ!" አለችና ሙሉ ጆንያ ሰጠችኝ።

ትምህርት የሚከፈትበት ቀን ሥራ እንደማልመጣም ነገርኳት። አልጠየቅኳትም፤ ነገርኳት። "ከዓመቱ ቀን ሁሉ መርጠሽ ያንን?" ያንን። ብዙ አጉረመረመች። እኔ ጋዜጣዬን እየቆረጥኩ ነበር።

ልክ የምናወጣው በአሮጌ ጋዜጣ ነው። ማንበብም ያስተማረኝ እሱ ነው። ፊደሉን ከወንድሜ የተጣሉ ደብተሮች ቃረምኩ፣ ንባቡን ከጋዜጣው። ግን ወሬው ሁልጊዜ የልኩ ብብት ላይ ሲደርስ በመቀስ ይቆረጣል። አንድ ባለሥልጣን ሲናገሩ፣ ሲናገሩ... ብብት። የቀረውን ከራሴ እሞላለሁ።

ነሐሴ 29

ወንድሜ መጣ። ከመሥሪያ ቤቱ በቀጥታ፣ ሱፉን እንደለበሰ። አልጋው ላይ የዘረጋሁትን የዩኒፎርም ኮት አየ።

"ይሄ የማነው?"

"የኔ።"

"አንቺ ሴትዮ ጤና የለሽም? ሰው ምን ይላል?"

ቧንቧ ሠሪው ልጄ ከጓዳ ሆኖ "ጋሼ፣ የእርስዎም ልክ ይወሰድ እንዴ?" አለ። ነገር ሊያበርድ። አልበረደም።

"ትምህርት ቤት ሳይገቡ ዩኒፎርም! መሳቂያ ልታደርጊን ነው። እኔ እንደሆነ የለሁበትም።"

ትምህርት ቤቱ በር ድረስማ ከሱ እኩል ደርሻለሁ! ይሄን ማለት ነበረብኝ። መልስ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ሰው ከሄደ በኋላ ነው።

የለሁበትም ካለ ይቅር። እኔ አለሁበት።

ጳጉሜን 2

ጉድ ሆንኩ። ልጄ ኮቱን ሲለካ እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ። የነርሷም። የኔም! ትከሻና ደረቱን በአዋቂ ልክ ቆርጬ፣ እጅጌውን በልጅ። ሃያ አራት ዓመት የለመደ እጅ ማንን ይሰማል?

"ለኔ ሥራስ ይመቻል" አለ ልጄ፣ "ቧንቧ ስፈታ አይረጥብም።" ወላቃ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለች። እስከ እጅ አንጓ የደረሰው የሷ ብቻ ነው።

ጨርቅ አልቋል። ልተወው?... አልተወውም። ከዛሬ ጀምሮ ደንቡ ይኸው ነው፤ ተማሪዋ ረጅም እጅጌ፣ አጃቢ አጭር።

መስከረም 6

ወላቃ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች። ማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ ጠርታ "እውነት ነው?" አለችኝ። እውነት ነው። ሳቀች። ትሳቅ።

መስከረም 8

ነገ ነው። አራቱም ኮት ተተኩሶ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።  የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቢመልሰንስ? ልጅቷ ፊት? ወንድሜ ልክ ቢሆንስ...

አይደለም።

መስከረም 9

ዛሬ ጠዋት ያደረግኩት ይኸው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳሁ። የወላቃን ፀጉር ጎነጎንኩ። ኮቴን ለበስኩ፤ ሦስቱንም ቁልፍ ቆለፍኩ። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል አራታችን ወጣን። ፀጉር ሠሪዋ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆማ አየችን። "ለከርሞ ለኔም ስፊልኝ!" አለች። በአጠገባችን ያለፈው አውቶቡስ ላይ ያሉት ሳቁብን። ልጄ በዚያ አጭር እጅጌው እጁን አውለበለበላቸው።

ትምህርት ቤቱ በር ጋ ወንድሜ ቆሟል። በሱፉ። "ልመልስሽ ነው የመጣሁት" አለ።

ዘበኛው እጁን ዘረጋ። "እናቴ፣ ወላጅ እዚህ ነው የሚቀረው። የሚገባው ተማሪ ብቻ ነው።"

"አላልኩሽም?" አለ ወንድሜ።

ወላቃ እጄን ጨመቀችኝ። አንገትጌዬን ይዤ ለዘበኛው አሳየሁት። "ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት። መልስ በሰዓቱ መጣልኝ!

የኔን አየ፣ የልጆቼን አየ። "እጅጌያችሁስ ምን ሆኖ ነው?"

"ደንብ ነው!" አለች ወላቃ።

ሳቅ አመለጠው። "እሺ፣ ደወል እስኪደወል ብቻ።"

ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። ለወንድሜ ዘረጋሁለት። "ያዝልኝ" አልኩት።

እኔን አየ። ቦርሳውን አየ። በሩን አየ። ያዘ።

ገባሁ። ከበሩ ወዲያ ጠጠር የፈሰሰበት ሜዳ አለ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አለ፤ ልጄ ወዲያው አጠበቀው። በስተግራ ሁለተኛው ክፍል የወላቃ ነው። መስኮቱ ጋ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባም። ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ተጽፏል።

ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እስከ አራት ነጥቡ።