ገጽ ሰባት ላይ የጎደለው ጥሩምባ

ወንድምዬ፣

ሸሚዝህን ተኩሼ በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ቁልፉ ጫማህ ውስጥ ነው።

ትናንት የዛሬውን የፈተና ሙዚቃ ለጓደኞችህ ስትጫወት «አንቺ፣ ዝም በይ!» ብለህ ወደ ኩሽና ጮህክብኝ። ዝም አልኩ።
ዜማውም አብሮኝ ዝም አለ!

ያንን የፈተና ሙዚቃ፣ ለብዙ መሣሪያዎች የተጻፈውን ሲምፎኒ፣ ከኦርኬስትራ ወደ ፒያኖ ስትገለብጥ፣ ገጽ ሰባት ላይ የጥሩምባውን ዜማ ዘለኸዋል። ስድስት ወር ሙሉ ሳህን እያጠብኩ ያንን ዜማ የማንጎራጉረው እኔ ነኝ፤ አንተ ጣቶችህ የሚጫወቱት መስሎሃል።

ትናንትናውኑ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ተናድጄ ነበር።

ራስህ ባስተማርከኝ ኖታ ገጹ ላይ በእርሳስ ጽፌልሃለሁ፤ ለግራ አውራ ጣትህ ነው። ፈተናው እስኪጀምር፣ እስከ ስምንት ሰዓት ተለማመደው።

እኔ ከፈታኞቹ ኋላ እቀመጣለሁ። ጥሩምባው ካልተሰማኝ፣ ዛሬ አፌን የሚያዘጋኝ የለም።

እህትህ