ስልሳ ዴስክና አንድ ቁጥር

ሚዛን ተፈሪ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለእንድርያስ፣

ጌታ ባለህበት ይጠብቅህ። እኔና ትሕትና ደህና ነን። ስልክህ ከታኅሣሥ ወዲህ አልሠራ ስላለኝ ደብዳቤውን ወደ ቱም ለሚመላለሰው ሾፌር ለሸምሱ ሰጥቼዋለሁ። ወርቅ ከምትቆፍሩበት ድረስ ባይገባም፣ ለገበያ ለሚወጣ ሰው አደራ ብሎ እንደሚሰጥልኝ ነግሮኛል። ልጅህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ልትፈተን ነው፤ በቁመት በልጣኛለች። ዝናቡን ታውቀዋለህ፤ የወርክሾፑን ቆርቆሮ በአንድ በኩል አስቀይሬዋለሁ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ከሆነ ወራት አልፈውታል፤ ዛሬም ሳስበው እጄ ከሥራዬ ላይ ቀጥ ይላል።

ወርክሾፑን አልዘጋሁትም። አንተ ከሄድክ በኋላ መላጊያህን አነሣሁ፤ መጀመሪያ በርጩማ፣ ቀጥሎ አልጋ መሥራት ጀመርኩ። ጥር ላይ ሸኮ ወረዳ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ስልሳ የተማሪ ዴስክ ለመግዛት ጨረታ ማውጣቱን ሰማሁ። ልወዳደር ብል፣ አሁን ጨረታ በኢንተርኔት ነው፣ የአቅራቢነት መለያ ቁጥር የሌለው አይገባም አሉኝ። የጨርቅ ነጋዴው የሱሀይብ ልጅ ዙሌይካ ገበያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፍታለችና እሷ ዘንድ ሄድኩ።

«የግብር ቁጥር አለኝ እኮ» አልኳት።

«እሱ ግብር የሚከፍሉበት ነው፣ እትዬ ንጋቷ። ይሄኛው መንግሥት ዕቃ ሲገዛ ሻጩ ማን እንደሆነ የሚያውቅበት ነው። ምን እንደሚሠሩ፣ ፈቃድዎ መታደሱን፣ ከዚህ በፊት ለማን ምን እንዳስረከቡ በዚህ ቁጥር ገብቶ ያያል።»

ቅጹን መሙላት ጀመረች። «ባለቤቱ ማን ነው?» አለችኝ።

«ባለቤቴ ቱም ነው ያለው።»

ፈገግ አለች። «የእርስዎን ባለቤት አይደለም፤ የድርጅቱን ነው የጠየቅኩዎት።»

በዚህ ከተማ አሥራ ስምንት ዓመት የእንድርያስ ሚስት ነበርኩ። አምና ንግድ ፈቃዱን በስሜ ሳወጣ እንኳ ቦታህን የምጠብቅልህ ይመስለኝ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኳት፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ወዲያው አልተሳካም። ስሜ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ከግብር ቁጥሩ ጋር በአንዲት ፊደል ይለያያል፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ቆጠረኝ። እሱን ለማስተካከል ዘጠኝ ቀን ተመላለስኩ። በመጨረሻ ዙሌይካ ደወለችልኝና በባጃጅ ደረስኩ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ንጋቷ ቲቶ፣ የእንጨት ሥራ፣ ሚዛን ተፈሪ ይላል፤ ከጎኑ ቁጥሩ አለ።

«በዚህ ከተማ ስንት ንጋቷ አለች» አልኳት።

«ብዙ። ይህ ቁጥር ያላት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ቁጥሩን ቢጽፍ የሚያገኘው እርስዎን ነው።»

እንድርያስ፣ ምን ብዬ እንደምነግርህ አላውቅም። በጉባኤ ላይ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ድምፅ ሲዘምር ሰውነቴን የሚወረኝ ነገር አለ፤ እሱ ወረረኝ። ይህን ያህል ሕዝብ ባለበት አገር፣ አንድ ሰው ሩቅ ተቀምጦ፣ ፊቴን ሳያይ፣ የማን ሚስት ናት ሳይል ያገኘኛል። ቁጥሩን በወረቀት ጻፊልኝ አልኳት። ዙሌይካ ጽፋ ሰጠችኝ።

ጨረታውን አሸነፍኩ። ዴስኮቹን በዋንዛ ሠራኋቸውና በእያንዳንዱ ሥር ቁጥሬን በጋለ ብረት አተምኩበት። ያስረከብኩ ዕለት ርእሰ መምህሩ አቶ በዛብህ አንዱን ገልብጠው አዩት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ማን እንደሠራው ነው» አልኳቸው።

በሳምንቱ ዙሌይካ ጋ ስሄድ ስክሪኑ ላይ ከስሜ ሥር፣ ስልሳውንም ዴስክ በጊዜው በጥራት ተረክበናል የሚል ሰፍሮ አገኘሁ። ያን ጊዜ አንተ በሐሳቤ መጣህብኝ። ከመሄድህ በፊት አርባ ዴስክ ሠርተህ በሌላ ነጋዴ ስም ገባብህ፤ ከገዢዎቹ የሥራ ምስክር ወረቀት ልትጠይቅ ብትሄድ «እርስዎን አናውቅዎትም» ብለው መለሱህ። ለሦስት ቀን መላጊያህን ሳትነካ ቆይተህ ወደ ቱም ሄድክ። እኔ ወርቅ አጓጉቶህ መስሎኝ ስንት ክፉ ቃል ተናገርኩህ። ምን እንደተወሰደብህ የገባኝ ያ ስክሪን ፊት ቆሜ ነው። ይቅር በለኝ።

አሁን ደግሞ ለጤና ጣቢያ ጠረጴዛና ወንበር ጨረታ ወጥቷል። የባለሙያዎች ስም ዝርዝር አብሮ ይገባል። በመጀመሪያው መስመር ላይ እንድርያስ፣ ዋና አናጺ ብዬ አስጽፌያለሁ። በውክልና አይሆንም፣ ባለሙያው ራሱ መጥቶ መፈረም አለበት ብላኛለች ዙሌይካ። እስከ ሐምሌ 20 ጊዜ አለ። ና አልልህም፤ መንገዱ በክረምት እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ሸምሱ ግን በየቅዳሜው ወደ ሚዛን ይመለሳል።

ጌታ እጅህን ይጠብቅልህ፤ ከናዳ ይሰውርህ፤ የምትበላውን ይባርክልህ። ትሕትና ትስምሃለች። የአባዬን ብርድ ልብስ አጥቤ ላስጣው ወይ ብላ ጠይቃኛለች፤ በዚህ ዝናብ አይደርቅም አልኳት። እሷ ግን አጥባዋለች።

ንጋቷ