በካውያ የጠፋው ጠባሳ

ካቪቴ፣ ፊሊፒንስ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1896

ይድረስ ለባለቤቴ ለሴቨሪና፣ ታአል፣ እህትሽ ቤት

ተኝቼ ሳለሁ ክንዴን በጋለ ካውያ አቃጠልሽው። በአርባ ዓመት ትዳር ጠላት ያላደረሰብኝን አንቺ አደረስሽብኝ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽን አሁንም ያምሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ክንዴ ግን ይመግላል።

አሥራ አንድ ቀን ሆነው፤ እስካሁን ማመን አቅቶኛል። ምሳ በልቼ ጋደም እንዳልኩ፣ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ስትተኩሺ እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት የገዛ ሥጋዬ ሲሸተኝ ነው። ስጮህ አፌን በመዳፍሽ ዘግተሽ፣ "ዝም በል። አንጥረኛ ሲቃጠል አይጮህም" አልሽኝ።

ስለ ጠባሳው አንድም ቀን አልነገርኩሽም። ስፔንን ከአገራችን ልናስወጣ የግራ ክንዳችንን በጥተን በደማችን ስንፈርም፣ ለሚስት እንኳ ላንተነፍስ ነበር የማልነው። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ታውቂ ኖሯል። "ደም የነካውን ሸሚዝ ማን ያጠበው መሰለህ?" አልሽኝ። ወታደሮቹ በጎረቤት መንደር የወንዱን ሁሉ እጅጌ እያስጠቀለሉ ክንድ እንደሚያዩ ከቄሱ ወጥ ሠሪ ሰምተሻል። ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? "ብነግርህማ ክንድህን ገልጠህ ትጠብቃቸው ነበር" አልሽ። እውነት ነው። ከቤቴ ውጪልኝ ያልኩሽም ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ መጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ፊት አሰለፉን። በአንድ ቀን አብሮኝ የተበጣው ዓሣ አጥማጁ ሩፊኖ አጠገቤ ቆሟል። ሳጅኑ ቁስሌ የታሰረበትን ጨርቅ ፈትቶ አፍንጫውን ያዘና፣ "አንጥረኛ ነው፤ ይለፍ" አለ። ሩፊኖን ግን ጠባሳውን አይተው አሰሩት። ሲወስዱት ዞር ብሎ፣ "ፕላሲዶ፣ እሳትህ የሚያቃጥልበትን ቀን ያውቃል" አለኝ። በሦስተኛው ቀን ረሸኑት። ቆሜ አየሁ።

ከዚያ የተረፉት የመሐላ ወንድሞቼ ወደሸሹበት ጫካ ሄድኩ። አሁን አለቃቸው መምህሩ ክሪስፑሎ ነው። "አባባ፣ ማን አቃጠለዎት?" አለኝ። ሚስቴ ናት ብል ምስጢር አወጣህ ይሉኛል፤ አንቺንም ፍለጋ ይመጣሉ። ስለዚህ ምድጃ ላይ ወደቅሁ አልኩ። አንዱ፣ "ዘንድሮ አንጥረኛ መውደቅ አበዛ" ብሎ አሳቃቸው። ቀኝ ክንዴን ዘርግቼ ይህንንም ብጡት፣ እንደገና ልፈርም አልኩ። ክሪስፑሎ ዓይኔን ሳያይ፣ "አይ አባባ። ገጀራ ይሥሩልን። ከእኛ ጋር ግን አይቆሙም" አለ።

እሠራላቸዋለሁ። ግራ እጄ መቆንጠጫ አልይዝ ብሏል፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ወናፉንም የሚነፋልኝ የለም። ጎረቤት ልርዳህ ቢለኝ ሌላ ሰው እሷ ወንበር ላይ አይቀመጥም ብዬ መለስኩት።

ሐሙስ የእህትሽ ባል ጨው ይዞ ሲመጣ አብረሽው ነይ። ወታደር ከጠየቀሽ ባሌ ታሟል በዪ። እግዚአብሔር መንገድሽን ይጠብቅ፤ ጉልበትሽንም ያበርታው።

ስትደርሺ ይቅርታ አትጠይቂኝ። እኔም ይቅር ብዬሻለሁ አልልም። ሩፊኖ ሞቶ እኔ ለምን እንደተረፍኩ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልስ አያገኝም፤ አንቺም ብትሆኚ። ይህን ነገር እስክሞት ድረስ ዳግመኛ አላነሳውም።

ባልሽ
ፕላሲዶ ዲማሊዋት