ኮምፒዩተር የሚያወጣው ዕጣ

ቃልኪዬ፣

ካርዱ ላይ ያለውን ባሕር ገና አላየሁትም። ሜልበርን ከመጣሁ ጀምሮ የማየው ሆስፒታሉን ነው። አጎቴ ጋሼ እሸቱ የአንጀት ካንሰር ስላለባቸው ማክሰኞ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው።

ከዚያ በፊት ሐኪሟ አንድ ስስ ነጭ ነገር አሳየችን። ከከብት ቆዳ የሚወጣ ነው፣ ኮላጅን ይሉታል። የተሰፋው አንጀት እንዳያፈስ ስፌቱ ላይ ይለጥፉታል፤ ቆይቶ ራሱ ሟሙቶ ይጠፋል። ይጥቀም አይጥቀም ገና እየሞከሩት ስለሆነ ለግማሹ በሽተኛ ያደርጉለታል፣ ለግማሹ አያደርጉለትም። ለማን እንደደረሰ ለበሽተኛው አይነገርም።

"ማነው የሚመርጠው?" አሉ ጋሼ።

"ኮምፒዩተር ነው ዳድ፣ ራንደም ነው" አለች ልጃቸው ሊና።

"ዕቁብ ነው በይኛ። ግን ዕጣውን የሚደብቅ ዳኛ አይቼ አላውቅም።"

እናንተ ቤት በዕቁቡ እሁድ ዓይኔን ጨፍኜ ከጣሳው ዕጣ የማወጣው ትዝ አለኝ። እንደምታውቂኝ ሰው ፊት አልናገርም፤ ያን ቀን ግን "ባይደርስዎስ?" አልኳቸው።

"ከኔ ኋላ ለሚመጣው በሽተኛ ይደርሳላ። ዕቁብ እንዲህ አይደል?" ብለው የሙከራውን የፈቃድ ወረቀት ፈረሙ።

ዛሬ ሾርባ ጠጥተዋል። ስፌቱ ካፈሰ በዚህ ሳምንት ይታወቃል ይላሉ። ቆዳው ሆዳቸው ውስጥ ይኑር አይኑር አናውቅም።

እናትሽን ሳሚልኝ። ቦታ አለቀብኝ። እሁድ ዕጣውን በኔ ፈንታ የምታወጪው አንቺ ነሽ፤ እጅሽን ጣሳው ውስጥ ስትከቺ በልብሽ "እሸቱ" በይልኝ።

ማስተዋል